ያልመረረው ዳቦ

ሚንዪፕ፣ ሴፕቴምበር 28

ውድ ሊቲያ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እንደምን ሰነበትሽ? በሆድሽ ያለውስ ልጅ እንዴት ነው? አስቀድሜ ይህን ልበልሽና ልረፍ፤ በስልክ ስላረዳሽኝ ይቅርታ አትጠይቂኝ። ብሪዝበን ሆነሽ እኔ ደጃፍ ላይ መቆም አትችዪም ነበር። ከማላውቀው ፖሊስ አፍ ከምሰማው፣ ከልጄ ከበርኒ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ስትሠራ ከኖረች ሰው መስማቴን እመርጣለሁ።

ያ ቀን እንዴት እንዳለፈልኝ ጠይቀሽኛል። ትምህርት ቤት ብዙ ስላልቆየሁ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ ታገሺኝ።

ጠዋት የባሌን የዴስን ፒጃማዎች አጥቤ እያሰጣሁ ሳለ ፖስተኛው መጣና ሳጥኑን በአጥር በኩል አቀበለኝ። የበርኒ ሳጥን ነበር፤ ያ ነጩ፣ ቅዝቃዜ የሚይዘው። እንደ ወትሮው የሳምንቱን ዳቦ ለአባቷ ልካ ነው። ጓዳ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው ስልኩ ጮኸ። «ወይዘሮ ቲየርኒ፣ ተቀምጠዋል?» አልሽኝ። አልተቀመጥኩም ነበር። እስካሁንም የተቀመጥኩ አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ለማንም አልተናገርኩም፤ ላንቺ ልንገርሽ። ሳጥኑን ከፈትኩት። ዳቦው በቁርጥራጭ በቁርጥራጭ ተጠቅልሎ፣ በላዩ ላይ ሁልጊዜ እንደምትጽፈው «ለአባባ፣ ቀስ ብለህ» ብላ ጽፋበት ነበር። ልጄ የለችም፣ ዳቦዋ ግን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ምን ላድርገው? ልጣለው? ፊቴን ታጠብኩና መኪናዬን አስነስቼ ዴስ እስካለበት ሆርሻም የአረጋውያን መጦሪያ ድረስ ነዳሁ። ከዚያ አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ለአባቷ አጎረስኩት። ምንም አልነገርኩትም።

እስከ ዛሬም አልነገርኩትም። ሊቲያ፣ አትፍረጅብኝ። ዴስን በርኒ ስትነግርሽ የሰማሽው ሰው አድርገሽ አታስቢው። ስትሮኩ ቀኝ ጎኑንና ጉሮሮውን ከወሰደበት ወዲህ ክብደቱ የልጅ ሆኗል። ዕድሜውን ሙሉ ስንዴ ሲያመርት የኖረን ሰው ዳቦ እንዳይበላ ከለከሉት። እንደ ሙጫ ጉሮሮው ላይ ይለጠፋል፣ ትን ብሎት ይሞታል አሉ። በምትኩ የተፈጨ ግራጫ ነገር በማንኪያ ሲያመጡለት አፉን ግጥም አድርጎ ወደ ግድግዳው ይዞራል። በርኒ ያንን አይታ ነው ለሌሎች በሽተኞች የምትሠራውን ለእሱ ያደረገችው። ስንዴው ስንዴ እንደሆነ፣ እናንተ ግሉተን የምትሉትን ሙጫውን እየቆራረጠች፣ ቅርጹን ይዞ መጥቶ አፍ ውስጥ የሚሟሽሽ ዳቦ ላከችለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ መብላት ጀመረ።

አንድ ጊዜ ከፍርፋሪው ቀምሼ ነበር። እንደ ራስ ምታት ክኒን ይመራል! «ዴስ፣ ይሄ'ኮ መራራ ነው» ስለው በደህናው ዓይኑ አፈጠጠብኝና «ዝም በይ። ጥሩ ነው… በያት» አለኝ። በሕይወቱ ከ«አይከፋም» በላይ አመስግኖ የማያውቅ ሰው ነው። ስንዴያችን ከአውራጃው አንደኛ በወጣበት ዓመት እንኳ ያለው «አይከፋም» ነው። እኔም በስልክ «አባትሽ ጥሩ ነው ይላል» አልኳት።

አሁን ሳጥኑ መምጣቱን ካቆመ ዴስ ይጠይቃል። ካወቀ ደግሞ አፉን ይዘጋል፤ አውቀዋለሁ። ሐኪሙ ከዚህ በላይ ከከሳ ዓመቱን አይሻገርም ብሎኛል። እና የምለምንሽ ነገር ይህ ነው፦ ያንን ዳቦ ልትጋግሪለት ትችያለሽ? በእሷ ሳጥን፣ በእሷ ቀን። ኃጢአት ከሆነ ኃጢአቱ የእኔ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅሽ። የጭንቅላቷ ደም ሥር ሲፈነዳ አጠገቧ ነበርሽ። ከመውደቋ በፊት ምን አለች?

ኖሪን ቲየርኒ


ብሪዝበን፣ ኦክቶበር 7

የተከበሩ ወይዘሮ ቲየርኒ፣

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሳጥኑ ይደርስዎታል። እጋግራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ሙከራው ባዶ ስለሚሆን ለማንም ሸክም አይሆንም፤ ስለዚህ ይቅርታም ምስጋናም አያስፈልግም። በርኒ ያዘጋጀችው የተቆራረጠ ግሉተን በትልቅ ማሰሮ ማቀዝቀዣው ውስጥ አለ። ከዱቄቱ ጋር እለውሰውና እጋግረዋለሁ፤ ሌላ ነገር አልጨምርበትም። እንዳልፈርድብዎ ለለመኑኝ ግን መልስ የለኝም። እናቴ ቢሆኑ ኖሮ ምን እንደምልዎት አላውቅም።

ከማጉረስዎ በፊት እንደ በርኒ አድርገው ይፈትኑት። ቁራሹን በሹካ ጀርባ የአውራ ጣትዎ ጥፍር እስኪነጣ ድረስ ይጫኑት። ተደፍጥጦ ከቀረ ይስጡት፤ ተመልሶ ከተነሣ አይስጡት።

ቀብሩ ላይ መገኘት ባለመቻሌ አፍራለሁ። ሐኪሞቹ በዚህ ሆድ አውሮፕላን አትሳፈሪም አሉኝ። እኛ የፊጂ ሰዎች ለቅሶ ባዶ እጃችንን አንሄድም፣ ምንጣፍ እንይዛለን። እናቴ የሸመነችውን ከቀብሩ በፊት ልኬልዎት ነበር፤ ደርሶዎት ይሆን?

ስለ መጨረሻው ቃሏ ጠይቀውኛል። ስለ ሥራ እያወራን ነበር። አልተሠቃየችም። ይህን አምነው ይረፉ።

በአክብሮት፣
ሊቲያ


ሚንዪፕ፣ ኦክቶበር 25

ውድ ሊቲያ፣

እባክሽ ወይዘሮ ቲየርኒ አትበዪኝ። ወይዘሮ ቲየርኒ አማቴ ነበረች፤ ስሟ በተጠራ ቁጥር አሁንም ቀና ብዬ እቀመጣለሁ።

ምንጣፉ ከቀብሩ በፊት ደርሶልናል። ምን እንደሚደረግበት ስላላወቅኩ አባ ሌኦን ጠየቅኳቸው፤ እሳቸውም አላወቁም። ሬሳ ሣጥኑን በላዩ ላይ አሳረፍነው። ካጠፋሁ ለእናትሽ ይቅርታ ጠይቂልኝ። ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ሰው ውጭ ቆሞ ነበር። ከአንድ ሰው በቀር ሁሉም መጥቷል።

ዴስ እንዴት ሳይሰማ ቀረ ትዪ ይሆናል። አገሩ በሙሉ ተባብሮኝ ነው፣ ልጄ። መጦሪያው የሚገባውን ጋዜጣ አስታማሚዋ ሻዝ ቀድማ ትወስድና የሟቾች ገጽ ያለበትን ቅጠል አውጥታ የቀረውን ትሰጠዋለች። አባ ሌኦ ሐሙስ ሐሙስ በመጦሪያው ጸሎት ቤት ሲቀድሱ የሙታንን ስም ያነባሉ፤ የእሷን እንዲዘሉት ለመንኳቸው። ቅር እያላቸው እሺ አሉኝ። ጎረቤታችን ኮል ደግሞ ሄዶ እንዳይጠይቀው ከልክዬዋለሁ፤ ኮል ሆዱ ውስጥ ነገር አያድርም። በርኒ እሑድ እሑድ ለምን እንደማትደውል ዴስ ሲጠይቀኝ «ለሥራ ውጭ አገር ልከዋታል» እለዋለሁ። አንገቱን ይነቀንቃል። እኔም የቡና ቤት ወሬ እንደሚያወራ ሰው ስለ ዝናቡ እቀጥላለሁ።

ዳቦው በደህና ደርሷል። እንዳልሽኝ በሹካ ሞክሬዋለሁ፤ ጥፍሬ ነጥቶ እሱ ተደፍጥጦ ቀረ። ቅቤና ያንን ጥቁር ጨዋማ የእርሾ ቅባት፣ ቬጂማይቱን፣ ስስ አድርጌ ቀብቼ አጎረስኩት። ግን ሊቲያ፣ አንድ ነገር ሆነ። የመጀመሪያውን ጉርሻ አፉ ውስጥ ይዞ ቆመ። ትን አለው ብዬ ደንግጬ ነበር። አላለውም። ዝም ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ዋጠው። ሁለተኛውንም አየኝና ዋጠው። ግማሹን ሲጨርስ ፊቱን አዞረ። በሚቀጥለው ሳምንትም እንደዚያው ሆነ። «ለበርኒ ምን ልበላት?» ብዬ ስጠይቀው አልመለሰልኝም። ሁልጊዜ «ጥሩ ነው በያት» ነበር የሚለው።

«ስለ ሥራ እያወራን ነበር» ብለሽኛል። አዝነሽልኝ ነው፣ ይገባኛል። ግን እኔ የወለድኳት ነኝ። ምን ነበር ያለችው?

ለሕፃኑ ካልሲ ጀምሬለታለሁ። ቀለሙ ቢጫ ነው፤ ወንድም ሴትም ይሁን ይሆነዋል።

ኖሪን


ብሪዝበን፣ ኖቬምበር 6

ውድ እማማ ኖሪን፣

እንዲህ ብዬ ብጠራዎት ይሻለኛል፤ ለአፌም ለልቤም ቀለለኝ።

ስለ ምንጣፉ እናቴን ጠየቅኳት። አለቀሰችና «ትክክል ነው ያደረገችው፤ ማንም ሳይነግራት» አለች።

ደብዳቤዎን ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ምኑ ላይ ነው ያጠፋሁት? ሁሉን ነገር በሚዛን ነው የለካሁት። የምድጃውን ሙቀት ሁለት ጊዜ አረጋግጫለሁ። ራሴ ቀምሼዋለሁ፣ ባለቤቴም ቀምሶታል፤ ምንም እንከን አላገኘንበትም። እንዲያውም ባለቤቴ የቀረውን ቅንጫቢ በሾርባ ጨረሰው። ምናልባት መንገድ ላይ ሙቀት አግኝቶት ይሆን? ዛሬ የላክሁትን በሁለት በረዶ መሃል አድርጌዋለሁ። አባባ ዴስ ምኑን እንደጠላው ይንገሩኝና አስተካክለዋለሁ።

ለሌላው ጥያቄዎ ጥቂት ጊዜ ይስጡኝ። መናገር አቅቶኝ ነው እንጂ ንቄዎት አይደለም።

ሊቲያ


ሚንዪፕ፣ ዲሴምበር 4

ውድ ሊቲያ፣

ጥፋት የለብሽም። እጅሽ ይባረክ። አሁን የምጽፍልሽን ተቀምጠሽ አንብቢው።

አጨዳ ተጀምሯል። ኮምባይነሮቹ በየማሳው ይጮኻሉ፣ አቧራው መስኮቴ ድረስ ገብቷል። እዚህ አንድ ልማድ አለን፤ በርኒ ነግራሽ እንደሆነ አላውቅም። የመጀመሪያው ስንዴ ሲገባ አንድ እፍኝ ዘግነን እናኝከዋለን። ገለባው ይተፋል፣ ገንፎው ይዋጣል፣ አፍ ውስጥ ሙጫው ብቻ ይቀራል። ያንን በጣታችን እንስበዋለን፤ ሳይበጠስ ከተለጠጠ ስንዴው ለዳቦ ጥሩ ነው። በርኒ በልጅነቷ ከአባቷ ጋር ፒክአፑ ኋላ ላይ ተቀምጣ እያኘከች «አባባ፣ ሙጫው ቅድም የት ነበር?» ትለው ነበር። ይኸው ሙሉ ዕድሜዋን ያንን ስትጠይቅ ኖረች።

ኮልን ከዚህ በላይ ልይዘው አልቻልኩም። ባለፈው ሳምንት ከነአቧራው መጦሪያው ገባ፤ የሸሚዙ ኪስ በስንዴ ሞልቷል። «አንተ ሰነፍ! ሰው አጨዳ ላይ ነው፣ አንተ እዚህ ትተኛለህ?» እያለ እፍኙን ሙሉ ዘግኖ በቀጥታ ወደ ዴስ አፍ! በየዓመቱ እንደሚያደርገው ነው ያደረገው፤ ምንም አላሰበም። ዴስም አፉን ከፈተ። ሻዝ ከበሩ ላይ እንደ መብረቅ ጮኸች።

«ኮል! ያንን ካጎረስከው አንተን በመስኮት ነው የምወረውርህ!»

ኮል ደንግጦ ስንዴውን በአልጋው ላይ በተነው። ዴስ በደህና እጁ ጥቂት ፍሬ ለቅሞ አሸተተ። ከዚያ ለኮል መለሰለትና «አኝክ» አለው።

«እኔ?»

«አኝክ… ልየው።»

ያ ትልቅ ሰውዬ በር ሥር ቆሞ እንደ ላም ሲያኝክ፣ ሻዝ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ስትጠብቀው ብታይ ትስቂ ነበር። ሙጫውን አውጥቶ ዓይኑ ፊት ሳበለት። ክሩ ሳይበጠስ ረዘመ።

«አይከፋም» አለ ዴስ።

«አይከፋም? አልጋ ላይ ተጋድመህ ደግሞ የእኔን ስንዴ ትነቅፋለህ? በርኒ ብታየው…» አለና ኮል አፉ ላይ ቀረበት። ባርኔጣውን አንሥቶ ሳይሰናበት ወጣ። ሻዝም ወጣች።

ዳቦውን አወጣሁ፤ ሌላ የማደርገው ጠፋኝ። ሹካውን አነሣሁ። ዴስ እጄን ያዘው።

«የማን ነው… ይሄ?»

«የበርኒ ነዋ።»

«አይደለም።»

«ዴስ፣ ሳጥኑን እያየኸው?»

«አይመርም» አለኝ። «የሷ… ይመራል። ከመጀመሪያው… ቀን። በርኒ የት ናት፣ ኖር?»

ነገርኩት። ከሣር ቤት ጣሪያ ላይ ውኃ ሲንጠባጠብ እንደሚሆነው አንድ አንድ ቃል እየሆነ ነው የወጣልኝ። ኮል ነው ያስታወቀህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «ኮል!» አለና እጁን አወናጨፈ። «ዳቦው ነው።» ሳምንታት ሙሉ ያውቅ ነበር፤ እኔ እስክነግረው ነው የጠበቀኝ። በየሳምንቱ በመጣሁ ቁጥር ዛሬ ትነግረኛለች እያለ አየኝ፣ እኔ ግን ስለ ዝናቡ አወራሁለት።

«ቀበራችኋት?»

«ቀበርናት።»

«ያለ እኔ።»

«ያለ አንተ» አልኩት።

አላለቀሰም። ወደ ግድግዳው ዞረ። ከዚያ ቀን ወዲህ አፉን አልከፈተም፤ ውኃውን እንኳ በግድ ነው። «የሰው ዳቦ አልበላም» አለ፣ ሌላ አላለም። ከመክሳቱ የተነሣ የፒጃማው ገመድ ወገቡን ዞሮ ዞሮ አላልቅ ብሏል። የፈራሁት ደረሰ ሊቲያ፤ ያውም እኔው በመደበቄ አብሼው። እሱንም ላጣው ነው።

አሁን የምደብቀው የለኝም። አንቺም አትደብቂኝ። ልጄ ምን አለች?

ኖሪን


ብሪዝበን፣ ዲሴምበር 10

እማማ ኖሪን፣

ይህንን በፈጣን ፖስታ ልኬዋለሁ። እንደደረሰዎት ለአባባ ዴስ ያንብቡለት፤ ከሁሉ ነገር በፊት።

ዝም ያልኩት ስላፈርኩ ነው። እናት የልጇን የመጨረሻ ቃል ስትጠይቅ ጸሎት ወይም የእናቷን ስም ትጠብቃለች ብዬ አሰብኩ። የበርኒ ቃል ግን ስለ ዳቦ ነበር፤ ያውም አባቷን ውሸታም ብላ ነው የሄደችው። ያንን ጽፌ ልልክልዎት እጄ እምቢ አለኝ። አሁን የምጋግረው ከቀድሞው የተለየ፣ የማይመር መሆኑንም አልነገርኩዎትም፤ እርስዎ ዳቦው ይመራል ብለው የጻፉልኝንም አልፌው ሄድኩ። ደደብ ነኝ። ያ ነው ቁልፉ፣ እኔ ግን አላየሁትም።

ግሉተኑን በኢንዛይም ስንቆራርጠው መራራ ቁርጥራጭ ይተርፋል። ለመዋጥ በቀለለ ቁጥር ይበልጥ ይመራል። በርኒ ዓመቱን ሙሉ የታገለችው ከዚያ ጋር ነው። መጨረሻ ላይ ሁለተኛ ኢንዛይም ጨምራ የቁርጥራጮቹን ጫፍ አስነከሰቻቸው፤ በዝግታ፣ በለብታ። በማሰሮው ያለውን ያዘጋጀችው እንደዚያ ነው። በዚያ ጠዋት የመጀመሪያውን ዳቦ ከምድጃ አውጥታ ቁራሽ ይዛ ወደ እኔ ሮጠች።

«ቅመሺ!»

«ነፍሰ ጡር ነኝ፣ በርኒ፤ ደግሞ ምን ልታበዪኝ ነው?»

«አታካብጂ፣ ቅመሺ!»

ቀመስኩ። መራራው ምላሴ ሥር እስኪደርስ ጠበቅኩ። አልመጣም። ፊቴን አይታ ገባትና ጨፈረች፤ እውነቴን ነው የምልዎት፣ ጨፈረች።

«እሰይ! ያ ሽማግሌ ውሸታም ከዛሬ ጀምሮ መዋሸት አያስፈልገውም!»

«አባትሽ ጥሩ ነው ይላል አላልሽኝም?»

«እሱ'ኮ ነው! አባቴ በሕይወቱ ጥሩ ነው ብሎ አያውቅም። እውነት ሲወድ አይከፋም ነው የሚለው። ጥሩ ነው ካለ እየመረረው፣ ለእኔ ብሎ እየዋጠው ነው። ይህንን በልቶ አይከፋም ይበለኝ፣ ሌላ አልፈልግም።»

ይህን ብላ ሌላውን መጋገሪያ ልታወጣ ጎንበስ አለች። አልተነሣችም።

ለእርስዎ የደረሰዎት የመጨረሻው የእሷ ሳጥን የመራራው ነበር፤ ከዚያ ጠዋት በፊት ነው የተላከው። ከእኔ የመጣው ያልመረረው ዳቦ የእሷ ነው እማማ። ዕድሜዋን የጨረሰችው እሱን ስታገኝ ነው። እኔ ውኃና እሳት ነው የጨመርኩበት። ለአባባ ዴስ ይንገሩት፦ የሰው ዳቦ አይደለም።

ሊቲያ


ሚንዪፕ፣ ጃኑዋሪ 20

ውድ ልጄ ሊቲያ፣

እንኳን ማርያም ማረችሽ። የልጁን ፎቶ ጓዳ ለጥፌዋለሁ፤ ጉንጩ ራሱ ዳቦ ይመስላል። ካልሲው ጠበበው ማለትሽን አላምንም፤ ግን ሌላ ጀምሬያለሁ።

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ደብዳቤሽ በደረሰ ቀን ምን ሆነ ላልሽው፣ እነሆ።

ፖስተኛው ሲሰጠኝ በር ላይ ቆሜ አነበብኩት፤ ከዚያ መኪናው ውስጥ ደገምኩት። ዴስ እንደ ሁልጊዜው ወደ ግድግዳው ዞሮ ነበር። ጀርባውን እያየሁ ማንበብ ጀመርኩ። ቀስ ብዬ ነው የማነበው፣ ታውቂያለሽ። «ያ ሽማግሌ ውሸታም» የሚለው ላይ ስደርስ ከጉሮሮው የሚያስፈራ ድምፅ ወጣ። ሻዝ እየሮጠች ገባች።

«ምን ሆነ? ትን አለው?»

«አይ» አልኳት፣ እኔም እንባዬን እየጠረግሁ። «እየሳቀ ነው።»

ሲዞር ፊቱ በሙሉ እንባ ነበር። «ታውቅ… ነበር?» አለኝ። «ታውቅ ነበር» አልኩት። «እንዳንተ ያለ ውሸታም ልጁን ማታለል አይችልም።» ቀጥዬ እስከ መጨረሻው አነበብኩለት። «የሰው ዳቦ አይደለም» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስደገመኝ።

ከዚያ ይዤ ወደ መጣሁት የሳምንቱ ሳጥን አመለከተ።

ቁራሹን አወጣሁ። በሹካው ጀርባ ጥፍሬ እስኪነጣ ተጫንኩት፤ ተደፍጥጦ ቀረ። ቅቤውን ቀባሁ። ሻዝ አልሄደችም፤ አልጋውን ይዛ ቆመች። ዴስ ዓይኑን ጨፍኖ ቀስ ብሎ አላመጠው፤ ስንዴ እንደሚመዝን ሰው። ዋጠው። ሁለተኛ አፉን ከፈተ። ሙሉውን ጨረሰ።

«አይከፋም» አለ።

ሰው ሁሉ ጥሩ ነው፣ ድንቅ ነው ይላል፤ እኔ ግን ያንን ቃል ከዚህ በኋላ በምንም አልለውጠውም። ልጄ የጠየቀችው ይህን ብቻ ነበር፤ ቢዘገይም ደረሰላት።

ክብደቱ ትንሽ ተመልሷል። የፒጃማው ገመድ ወገቡን የሚዞረው በአንድ ዙር ቀንሷል። ከእኔ ጋር ግን ገና ነው፤ አንዳንድ ቀን መቃብሯን አንሥቶ ይቆጣኛል። ይገባኛል። ባለፈው ሳምንት ኮልና ሻዝ ከነወንበሩ ፒክአፕ ላይ ጭነው፣ በቀበቶ አስረው፣ ሚንዪፕ መቃብሯ ድረስ ወሰዱት። ኮል የቀረውን የኪሱን ስንዴ ሰጠው፤ አፈሩ ላይ በተነላት።

ሐሙስ ዕለት በመጦሪያው ጸሎት ቤት አባ ሌኦ የሙታንን ስም ሲያነቡ የእሷን ቀድመው አነበቡ። እኔ በለመንኳቸው ምክንያት በዚያ ቤት ስሟ ሳይጠራ ነበር የቆየው። ዴስ በጎደለ አንደበቱ ጮክ ብሎ ደገመው።

እነዚህን ደብዳቤዎች በቤተ ሙከራችሁ ላሉትና ዳቦው ለሚደርሳቸው ሰዎች ባስነብብ ይፈቅዱልኛል ወይ ላልሽኝ፣ እሺ፣ አስነብቢ። የእጅ ጽሕፈቴን ብቻ አስተካክይው። ግን አንድ ነገር በመጨረሻው ላይ ጻፊልኝ።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ እኔ ከእናንተ ሌላ የምጠይቀው የለኝም። ዳቦ በምትቆርሱበት ጊዜ፣ ዋጥ አድርጋችሁ ሳትጨርሱ፣ አንድ አፍታ ቆም በሉና ለበርናዴት ቲየርኒ ነፍስ ጸልዩላት። ረጅም መሆን የለበትም። ስሟን ጥሩና «ጌታ ሆይ፣ አሳርፋት» በሉ። ወራት ሙሉ ስሟን ያፈንኩት እኔ እናቷ ነኝ፤ እናንተ ጥሩልኝ።

ኖሪን